የአያታችንን ሙት ዓመት የሕይወት ታሪክ ልጽፍ ነው፤ ዘጌንና የድሮ ባሕር ዳርን የምታውቁ እርዱኝ

ዘጌ ማዶ (ክሩን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ካረፈ በኋላ አርባውም ሰማንያውም ወጥቶ ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። በዕለቱ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ እኔን መርጦኛል። ልጽፍ ስቀመጥ እጄ ላይ ያለችው በቀብሩ ዕለት የተነበበችው ወረቀት ብቻ ናት። ታውቋታላችሁ፣ በየቤታችን አለች። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጠሩ፤ ትዳር መሥርተው ልጆች አፈሩ፤ በተሰማሩበት የሥራ መስክ በታማኝነት አገለገሉ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው...» ስሙን ቀይሮ ለማንም ማንበብ ይቻላል። እኔን ያንገበገበኝ «በተሰማሩበት የሥራ መስክ» የሚለው ነው። የአባባ ዕድሜ እኮ ያለቀው እዚያ ውስጥ ነው!

የማውቀውን ልንገራችሁ። ተወልዶ ያደገው ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ነው። ጎረምሳ ሳለ ቡናና ጌሾ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ያደርስ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ተቀጠረና ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሠራ። ከዚያ ወደ ዘጌ ተመልሶ የአባቱን ቡና ያዘ። እኔ የደረስኩት በዚህኛው ዘመኑ ነው። ቡና ሲለቀም አብሬው እውል ነበር። የጆንያውን አፍ የሚያስርበት መንገድ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፦ አፉን ሰብስቦ ይጠመዝዘዋል፣ በቃጫ ሁለቴ ይዞርበታል፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ከሥር ይደብቀዋል። ማንም አይፈታውም። እማማ፣ ሚስቱ፣ ጆንያ ማስከፈት ስትፈልግ ከጓሮ ታስጠራው ነበር።

ስለ ሥራው ግን ብዙ አያወራም። ቢያወራም ድምፁ ስለሚጮህ ሰው የተቆጣ ይመስለው ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር አስቸገረኝ። የታንኳው ጉዞ ምን ይመስል ነበር? ፋብሪካ ውስጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ዓመተ ምሕረቱንስ እንዴት ላግኘው? እሱ የሚለው «መብራት በመጣ ዓመት ተጋባን» ብቻ ነበር።

አፋፍ ሰፈር

ነፍስ ይማር እህቴ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔም የዘጌ ልጅ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ልመልስልሽ።

ያንን ጉዞ ስትጽፊ «ቡና ይሸጡ ነበር» ብለሽ እንዳታልፊው። ዘጌ በሬ አይጠመድም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ አባቶቻችን ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ነው ይላሉ። ጻድቁ በትራቸውን ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፣ «ልጆቼ ሳታርሱ በእነዚህ ኑሩ» አሉ ተብሎ ሲነገረን ነው ያደግነው። ደኑም እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው፤ ቡናው ጥላ ይፈልጋላ። ስለዚህ ዘጌ ላይ ጤፍ የለም፣ በቆሎ የለም። እህል በሙሉ ከውጭ ነው የሚገባው። አያትሽ ቡናና ጌሾ ጭነው ሲሄዱ ሲመለሱ ጤፍ ጭነው ነው። ያች ታንኳ ከቀረች ቤት ውስጥ እንጀራ የለም ማለት ነው። ይሄን ካልጻፍሽ አንባቢው ነገሩ ንግድ ብቻ ይመስለዋል።

የሚነሡት ጎሕ ሳይቀድ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ዝም ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ታንኳ ማዕበል ላይ ዳገት እንደሚወጣ በቅሎ ነው፤ ይሄዳል ግን ያስጨንቃል። አባቴ «ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ባሕር ዳር ካልታየህ ወደ ዳር ጠጋ በል» ይል ነበር። ለዚህ ነው ብዙዎቹ መሐል ለመሐል የማይቆርጡት፤ ዳር ዳሩን ይዘው ነው።

ደንገል አሳሪ

ሰላም። ነፍሳቸውን ይማር። ጥያቄ አለኝ፦ አያትሽ ታንኳውን ራሳቸው ነበር የሚያስሩት ወይስ ያሠሩ ነበር?

ዘጌ ማዶ

እማማን ጠየቅኳት። ከዓባይ ማዶ ሰዎች ነበር የሚገዛው አለችኝ። ለምን ጠየቅህ?

ደንገል አሳሪ

እኔ የነገደ ወይጦ ልጅ ስለሆንኩ ነው፤ ጣና ዳር ታንኳ በማሰር የሚታወቀው ማኅበረሰብ ማለቴ ነው። ዓባይ ማዶ ካለሽ የእኛ ሰዎች ናቸው። የትኛው ቤት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አያቴም በዚያ ዘመን ታንኳ እያሰረ ነበር የሚሸጠው።

ላስረዳሽ። ታንኳ የሚታሰረው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ከዳር ይቆረጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥብ ደንገል ታንኳ አይሆንም፣ ይከብዳል። ሲደርቅ በነዶ በነዶ እየተጠቀለለ ይታሰራል፤ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይሾላል። ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ አያግድም። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ውኃ ከሥር ገብቶ ይወጣል። ጭነቱ እንዳይረጥብ ከላይ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረጋል፤ የአያትሽ ጤፍ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ከጉዞ ሲመለሱ ደግሞ ተጎትቶ ይወጣና ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ይቆማል። እንዲህም ሆኖ ብዙ አይከርምም፤ ይበሰብስና ሌላ ይታሰራል። ስለዚህ አያትሽ አንድ ታንኳ አልነበራቸውም። በየጊዜው እየተመለሱ ይገዙ ነበር፣ ከሚያስረው ሰውዬ ጋርም ደንበኛ መሆናቸው አይቀርም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የእኛን ሰዎች ታንኳ ሁሉም ይሳፈርበታል፣ አብሮን ማዕድ የሚቆርስ ግን ጥቂት ነበር። አያቴ ይሄን እያዘነ ነው የሞተው። በሕይወት ታሪኩ ላይ «ታንኳ ነበራቸው» ብቻ ከምትዪ «ዓባይ ማዶ ካሉ የወይጦ ታንኳ አሳሪዎች እየገዙ» ብለሽ ብትጽፊ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዘጌ ማዶ

እጽፈዋለሁ ወንድሜ። እማማ ያለችውን ልጨምርልህ፦ አባባ ታንኳ ሊገዛ ሲሄድ አንዳንዴ እዚያው አድሮ ይመጣ ነበር፤ ሎሚ ይወስድላቸው ነበር። የሰውዬውን ስም ግን አታስታውሰውም፤ «የታንኳው ወዳጁ» ነው የምትለው። የአንተ አያት ይሁኑ አይሁኑ ማወቅ ባንችልም እንዲሆኑ ተመኘሁ።

የፈተላ ልጅ

እኔ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ልውሰዳችሁ፤ አባቴም እናቴም እዚያ ነበሩ። ዘጌ ማዶ፣ አንድ ነገር ጻፍሽና ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። «ድምፁ ስለሚጮህ የተቆጣ ይመስለው ነበር» አልሽ። አያትሽ የሠሩት ሽመና ክፍል ነበር?

ዘጌ ማዶ

አዎ ሽመና! እማማ «ሽመና» ስትል ሰምቻለሁ። እንዴት አወቅሽ?

የፈተላ ልጅ

የሽመና ሰው በድምፁ ይታወቃል የኔ እህት። የሽመና ማሽኑ ጩኸት አጠገብሽ ያለው ሰው ጆሮሽ ላይ ካልጮኸ አያሰማሽም። እናቴ እንደምትለው እዚያ ክፍል ውስጥ የሚወራው በእጅ ምልክትና በከንፈር ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጆሮ ይደክማል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ በደንብ ስለማይሰማ ይጮሃል። አባቴ ፈተላ ነበር፣ እሱም ትንሽ ደክሞበታል፤ የሽመናዎቹ ግን የባሰ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጡረተኞቹ ቡና ሲጠጡ ከመንገድ የሚሰማ ሰው ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። እየተጫወቱ ነው እንጂ አልተጣሉም።

አያትሽ ቁጡ አልነበሩም ማለት ነው። ወይም ቢያንስ በጩኸታቸው አይፈረድባቸውም።

ዘጌ ማዶ

እያለቀስኩ ነው የምጽፈው። ይሄን ለእናቴ አነበብኩላት። «ልጅ ሆነን ሲጠራን እንደነግጥ ነበር፤ እሱ ግን መትቶን አያውቅም» አለች። ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያወራ አባባ ዓይኑን ሳይሆን አፉን ነበር የሚያየው። እኔ ልማዱ ይመስለኝ ነበር። ከንፈር እያነበበ ነበር!

የፈተላ ልጅ

አይዞሽ። ስለ ሥራው ደግሞ ይሄን ያዢ። ሠራተኛው የሚገባው በሽፍት ነው፤ የሌሊት ሽፍት የደረሰበት ሳምንት ቀን ቀን ይተኛል። እኛ ልጆቹ ቀን ቤት ውስጥ መጮህ አይፈቀድልንም ነበር። ሽመና ላይ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ማሽን ነው የሚጠብቀው። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰውዬው ሮጦ ጫፍና ጫፉን ፈልጎ ይቀጥላል። ቋጠሮው ትንሽ መሆን አለበት፤ ትልቅ ከሆነ ጨርቁ ላይ ጉብ ይላል፣ ይጣላል። ያ የጆንያ አስተሳሰር የነገርሽን፣ በአውራ ጣት ገፋ አድርጎ ጫፉን መደበቅ... አባቴ የጫማውን ክር እንኳ እንደዚያ ነበር የሚያስረው።

ብናኙንም እንዳትረሺ። ጥጡ ፀጉር ላይ፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል። አባቴ ከሽፍት ሲመጣ እናቴ በረንዳ ላይ በነጠላ ጫፍ ሳታራግፍለት አይገባም ነበር።

መምህር ከሽንብጥ

ስለ ዓመተ ምሕረቱ እኔ ልግባ። ፋብሪካው ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራ ሲሆን ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በፈረንጅ 1961። የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ደግሞ በፈረንጅ 1964 ነው፤ በእኛ 1956 ወይም 57። አያትሽ «መብራት በመጣ ዓመት» ሲሉ ይሄን ከሆነ ጋብቻቸው እዚያ አካባቢ ይወድቃል። ግን ተጠንቀቂ፤ መብራት ወደ ፋብሪካ መምጣትና ወደ ቤት መግባት አንድ አይደለም። የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና መቼ እንደተነሣ/ች ጠይቂና አመሳክሪው።

አረጋውያንን «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ «ምን በነበረበት ጊዜ?» ነው የሚያዋጣው። ለባሕር ዳር ሰው እነዚህ ይሠራሉ፦ ፋብሪካው ሲከፈት፣ ሩሲያውያን ፖሊ ቴክኒኩን ሲሠሩ (1955 አካባቢ)፣ በዛዊት ላይ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ሲሠራ፣ የሞተር ጀልባ ዓሣ አስጋሪ ሲመጣ (1970ዎቹ መጨረሻ)፣ ሐይቁ ጎድሎ መርከብ የቆመበት ጊዜ (1995)፣ እምቦጭ የታየበት (በፈረንጅ 2011)። አያትሽ ጡረታ ወጥተው ዘጌ የገቡበትን ዓመት «መርከቧ ከመቆሟ በፊት ነው በኋላ?» ብለሽ ብትጠይቂ እማማ ወዲያው ትመልስልሻለች።

ዘጌ ማዶ

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠየቅኳት። «መርከቧ ስትቆም እኛ ዘጌ ነበርን፤ ጎረቤት ለቅሶ ባሕር ዳር ለመድረስ በእግር አፋፍ ወጥተን በመኪና ዞርን» አለችኝ። ስለዚህ ከ1995 በፊት ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ክርስትና የተነሣችው 1958 ነው፤ ወረቀቱ ተገኝቷል። ከዚህ በኋላ «በ1956 ገደማ ተጋቡ» ብዬ ብጽፍ ቅር አይለኝም።

ዲያቆኑ

ሁላችሁም መልካም ብላችኋል፤ እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። የሙት ዓመት ዕለት ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ፆሙን ቆሟል፣ ፀሐይ ነው፣ አረጋውያን አሉ። ጸሎተ ፍትሐቱ ነው ዋናው። ሦስት ገጽ ስለ ታንኳ ማንበብ ሕዝቡን ማንገላታት ነው። ደግሞም በምስጋና የታጨቀ ታሪክ ለነፍስ አይረባም። አጭር አድርጊው እህቴ።

አፋፍ ሰፈር

ዲያቆን፣ ስለ ርዝመቱ እውነት አለህ። ግን እሷ የምትጽፈው ምስጋና አይደለም እኮ። «ደግ ነበሩ፣ ሩኅሩኅ ነበሩ» የሚለው ነው ምስጋና። «ጤፍ በታንኳ ያመጡ ነበር» ሥራ ነው።

ደግሞ ድሮ ይሄን የሚይዘው ወረቀት አልነበረም፣ ሙሾ ነው። በእኛ አገር አስለቃሽ ስትነሣ የሟቹን ሥራ፣ የረገጠውን አገር፣ የረዳውን ሰው አንድ በአንድ እያነሣች ነበር የምታስለቅሰው። ለቅሶ የመጣው ሰው ያላወቀውን እዚያ ይሰማል። ሙሾው እየቀረ ወረቀቱ ሲመጣ ነው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የሞተው።

ዘጌ ማዶ

ሙሾ ስትል አንድ ነገር አስታወስከኝ። በለቅሶው ዕለት የእማማ እህት ስታለቅስ የአክስቴ ልጅ በስልኩ ቀድቶት ነበር። ትናንት ላከልኝ። እንዲህ ትላለች፦

ታንኳው ወደብ ቆሞ ቀዛፊው ቀረብኝ፤
ከዘጌ ተሻግሮ ማን ቡና ያምጣልኝ።

ስለ ፋብሪካው አንድም ቃል አልወጣትም። ለእሷ አባባ ታንኳ ቀዛፊ ነው፤ እሷ ባሕር ዳር ያገባች ስለነበረች ቡናዋን የሚያደርስላት እሱ ነበር። ፋብሪካውን የምታውቀው እማማ ናት። ቡናውን የማውቀው እኔ። ሦስታችንም የያዝነው የተለያየ ሰው ነው።

ዲያቆኑ

ሙሾዋ ልቤን ነካችው። እንዲህ አድርጊ፦ የሚነበበውን አንድ ገጽ አድርጊው፤ ረጅሙን አሳትመሽ ለቤተሰቡና ለማኅበሩ ሰዎች ስጪ። ለአጥቢያው አንድ ቅጂ ብታስቀምጪም ጥሩ ነው። አያትሽ ዘጌ ላለው ገዳም፣ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የሰጡት ነገር ካለም ይግባ፤ የካቲት 16 ንግሥ ላይ ቡና የሚያመጡ አባቶች ነበሩ።

ዘጌ ማዶ

ጨርሻለሁ አልልም፤ የምትነበበውን አንድ ገጽ መነሻዋን ግን ልለጥፈው። እርሙኝ።

«...የዘጌ ቡናና ጌሾ በታንኳ ጭነው ከንጋት በፊት ተነሥተው ባሕር ዳር ያደርሱ፣ ሲመለሱም ለቤተሰባቸውና ለጎረቤታቸው ጤፍ ያመጡ ነበር። ታንኳቸውን የሚገዙት ዓባይ ማዶ ካሉት የነገደ ወይጦ ታንኳ አሳሪዎች ነበር፤ ወዳጅነታቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቋረጠም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር በሽመና ክፍል ተቀጥረው እስከ ጡረታ ቀንና ሌሊት በሽፍት ሠርተዋል። የማሽኑ ጩኸት የመስማት ችሎታቸውን ስለቀነሰው ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ልጆቻቸውን ግን መትተው አያውቁም። በ1956 ገደማ...»

ደንገል አሳሪ

«እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቋረጠም» እርግጠኛ ነሽ? የታንኳ ገበያው ከቀነሰ ቆይቷል። የእኛ ሰዎች ደንገሉ ራሱ እየተመነጠረ አሁን ከታንኳው ይልቅ ለቱሪስት የሚሸጥ ትንንሽ ታንኳ ነው የሚያስሩት። እርግጠኛ ካልሆንሽ አውጪው፤ የቀረው ይበቃናል።

ዘጌ ማዶ

ልክ ነህ፣ እማማም እርግጠኛ አይደለችም። «ሎሚ እየያዙላቸው ይሄዱ ነበር» በሚለው ተክቼዋለሁ፤ እሱን በዓይኗ አይታለች።

የፈተላ ልጅ

«የመስማት ችሎታቸውን» ከሚል «ጆሯቸውን» በይው፤ ሰዉ ቆሞ ነው የሚሰማሽ። ደግሞ አጎቴ አለ፣ ሽመና ክፍል ነበር፣ ዕድሜው ከአያትሽ ብዙም አያንስም። ስማቸውን በውስጥ መልእክት ላኪልኝና ልጠይቀው። የሚያውቃቸው ከሆነ እሁድ ከሰዓት ቤት ነው፤ እማማንም ይዘሻት ነይ፣ ቡና እናፈላለን። በግራ ጆሮው በኩል ተቀመጡ፣ የቀኙ አይሰማም።

ዘጌ ማዶ

አሁኑኑ ልኬልሻለሁ። የዘጌ ቡና ይዘን እንመጣለን።